የአጎቴ አውራ ጣት

በስምንት ዓመቴ ሰው እፈውስ ነበር። ለቀልድ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከልቤ አምኜበት ነበር። የመጀመሪያው በሽተኛዬ አጎቴ ሮስኮ ነው፤ የዳነለትም የቀኝ እጁ አውራ ጣት። ከእሱ በኋላ የጎረቤት ልጆችን ጥርስ፣ የአንዲት ድመት ጆሮና የመምህራችንን የወገብ ሕመም ሞክሬ አንዱም አልተሳካልኝም። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አንድ ጊዜ በእጄ ሰው ሲድን በዓይኔ አይቻለሁና። ጣቱ በምን እንደዳነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የገባኝ ዕለት እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ።

ያደግሁት በደቡብ ኢንዲያና፣ ባርሎ ፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ ከታች ከወንዙ ዳር ወፍጮ ቤት፣ ከላይ ከኮረብታው ፍርድ ቤት ነበራት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ወይ ንስር ነበር ወይ አውራ ዶሮ። በምርጫ ወረቀቱ አናት ላይ የአንዱ ፓርቲ ምልክት ንስር፣ የሌላው አውራ ዶሮ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ከሚወደው ወፍ ሥር ባለው ክብ ውስጥ በሰማያዊ እርሳስ መስቀለኛ ጭረት አድርጎ መውጣት ይችላል። ከዚያች መስቀለኛ ጭረት ሌላ የትንኝ እግር የምታህል ምልክት ከተገኘ ግን ወረቀቱ ውድቅ ነው። ሕጉ እንዲህ የከረረው ድምፁን የሸጠ ሰው ለገዛው ሰው ምልክት ጥሎ እንዳያልፍ ነበር ይባላል።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በእኔ ቤት ምርጫ ማለት ሁለቱ ወፎች አንድ ቦታ ተዘግቶባቸው የሚዋጉበት ቀን ነው። እኛ ንስሮች ስለነበርን ጥቅምት በገባ ቁጥር የጎረቤቶቻችንን አውራ ዶሮዎች በድንጋይ አባርር ነበር። እናቴም ትቆጣኛለች፤ አባቴ ግን ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ ይስቅ ነበር።

አባቴ ኢኖስ ሃስኬት የከተማዋ ፖስታ ሹም ነው። ሹመቱ የሚመጣው ከዋሽንግተን ይሁን እንጂ መንገዱ የሚያልፈው በኮሎኔል ታልበት ሳሎን ነበር። ኮሎኔሉ የወረዳው ንስሮች ሁሉ አውራ ናቸው፤ ሸሪፍ የሚሆነውን፣ መንገድ ጠራጊ የሚሆነውን፣ ፖስታ የሚያድለውን የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ። ፖስታ ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። ትንንሽ የመስታወት በር ያላቸው የነሐስ ሣጥኖች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ በርጩማ ላይ አቁሞኝ ጋዜጦቹን በየሣጥኑ እከት ነበር። የሙጫውና የቃጫ ጆንያው ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ከከተማው ልጆች ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር፤ ደግሞም እበልጥ ነበር።

የምርጫ ሰሞን ባርሎ ፎርድ ውስጥ ያልተወራረደ ሰው አይገኝም። ንስሩ ካሸነፈ ግማሽ ጢሜን እላጫለሁ የሚል አለ፤ አውራ ዶሮው ካሸነፈ ኦቾሎኒ በአፍንጫዬ እየገፋሁ አደባባዩን እዞራለሁ የሚልም አለ። አባቴና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ኮንራድ ፎስ የሚወራረዱት ሁልጊዜ በጋሪ ነበር። የተሸነፈው ያሸነፈውን ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ አስቀምጦ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግቢ ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ እስከ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ድረስ ሕዝብ እያየ ይገፋዋል። ኮንራድ የጀርመን ዘር ነው፤ ሰውነቱ ግዙፍ፣ ሲስቅ ከቅንድቡ ዱቄት የሚረግፍ፣ የለየለት አውራ ዶሮ። ከአባቴ ጋር ሥራ ሲፈቱ ዳማ እየተጫወቱ ጠጠር ባንቀሳቀሱ ቁጥር ይሰዳደባሉ፤ ነገር ግን አንዱ የታመመ እንደሆነ ሌላው እህል አይበላም።

ባለፈው ምርጫ ተሸንፎ የገፋው ኮንራድ ነበር። አባቴ እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ፣ ጡሩምባው እየተነፋልን፣ ሰዎች ከየበረንዳው እየተጣሩ ዳገቱን ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ጋሪ ነበር። ዘንድሮም ብናሸንፍ እቀመጥ እንደሆነ አባቴን ደጋግሜ ስጠይቀው፣ ጉልበቴ እስካልተንቀጠቀጠ ድረስ ትቀመጫለሽ ይለኛል።

ያን ዓመት ትልቁ ፍልሚያ ለሸሪፍነት ነበር። በእኛ ቀበሌ የምርጫው ቦታ የኮርቻ ሠሪው ሱቅ ሲሆን የቆጠራው ጠረጴዛ አለቃ አባቴ ነበር። ወረቀቱን እየፈታ፣ በጣቱ እያስተካከለ ለአባቴ የሚያቀብለው የእናቴ ታናሽ ወንድም ሮስኮ ነው። ከአውራ ዶሮዎቹ ወገን የተቀመጠው ታዛቢ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ደግ ሽማግሌ ነበር። ተቆጥሮ ክርክር ያልተነሣበት ወረቀት በሕጉ መሠረት እዚያው ምድጃ ይገባል። ሲቆጥሩ አድረው ሊነጋጋ ሲል አባቴና ሮስኮ ለቁርስ ወደ ቤት መጡ።

ሮስኮን እወደው ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ በፉጨት ዘፈን የሚያወጣ፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነው። ያን ጠዋት እንደ ወትሮው ሳይሆን ቁጭ ብድግ ይል ነበር። ፓንኬኩን በአገዳ ሽሮፕ አጥለቅልቆ ሁለት ጉርሻ ይበላና ተነሥቶ በመስኮት ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ለእናቴ ድሉን ይተርክላታል። ሸሪፉ የእኛ ነው አለ። ኮንራድ ፎስ ጎማውን ሞራ ይቀባ አለ። እኔ በደስታ ጠረጴዛውን ስመታ የአጎቴን አውራ ጣት አየሁት። ከጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ሆኗል።

«አጎቴ፣ ጣትህን ምን ነካው?» አልኩት።

ጣቱን አይቶ ጨበጠው። ሣጥኑን ሲቸነክሩ መዶሻ እንዳገኘው ነገረኝ። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ተጎዳ ሲባል የምቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ቋሊማ ታገላብጣለች፤ ከአጠገቧ ጨርቅ አንሥቼ ኮምጣጤና ቀዝቃዛ ውኃ ነከርኩና የአጎቴን እጅ ያዝኩ። እየሳቀ ሊያስለቅቀኝ ሞከረ፤ ግራ እጁ ሹካ ይዟል፤ እኔም እንደ መዥገር ተጣብቄበታለሁ። ከጥፍሩ ሥር ገብቼ አሸሁት። ሰማያዊው ወደ ጨርቁ መጣ። ጥፍሩም እንደ ሕፃን ጥፍር ቀይና ንጹሕ ሆነ።

«ዳነ!» አልኩ። «አባዬ እይ፣ አዳንኩት!»

ጨርቁን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። የአባቴ ስኒ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ሮስኮን አየ። ሮስኮ ፓንኬኩን አየ።

«ሮስኮ» አለ አባቴ በቀስታ፤ «መዶሻውን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

እናቴ ዞረች። ምን እንደገባት ያን ጊዜ አላውቅም፤ ጨርቁን ከእጄ መንትፋ የምድጃውን ክዳን ከፈተችና ወረወረችው። የኮምጣጤ ጭስ ዓይናችንን አስለቀሰን። እኔ በእውነትም አለቀስኩ፤ ተአምር የሠራሁበትን ጨርቅ ነው ያቃጠለችብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ጠዋት ከአፌ የወጣው ነገር አፋፉን አልፎ ገደል መግባቱን ከጠረጴዛው ዙሪያ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን አውቀዋለሁ። የሰማያዊ እርሳስ ስባሪ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ሥር ትሸጎጣለች። ወረቀቱን እየፈቱ ሲያስተካክሉ አውራ ዶሮው ላይ ምልክት ያለበት ሲመጣ ጣትን ትንሽ ጫን ማድረግ ይበቃል። አንዲት ጭረት ትቀራለች። አባቴ ጭረቷን ያያል፤ ሕጉን ያውቃል፤ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ውድቅ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ በገዛ አፉ ውድቅ ያላቸው የእነ ኮንራድ ድምፆች ነበሩ። ወረቀቶቹ አመድ ሆነዋል፤ ጨርቁም ተከትሏቸው አመድ ሆነ።

ከዚያን ቀን በኋላ ቤታችን እረፍት አጣ። አውራ ዶሮዎቹ በእኛ ቀበሌ የተበላሸው ወረቀት በዛ ብለው አቤት አሉ። ንስሮቹም ገበሬ እርሳስ መያዝ ካላወቀ እኛ ምን እናድርግ ብለው አላገጡ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነበር ነገሩ። እኔ ተበላሸ ሲሉ እንደ ሥጋ የተበላሸ መስሎኝ በኮርቻ ሠሪው ሱቅ ባለፍኩ ቁጥር አሸት ነበር። ሰው ደብዳቤ ሳይኖረው ፖስታ ቤት ይመጣና ይቆማል፤ አባቴን በጎን ያየዋል፤ ይወጣል። አባቴ መቀመጥ አልቻለም። ከሚዛኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሣጥኖቹ ይመላለሳል፤ ያተመውን ቴምብር መልሶ ያትማል። ዳማው ከተቀመጠበት አልተነሣም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። እኔም ለምን እንደምደነግጥ ሳላውቅ ከእነሱ ጋር እደነግጥ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሎኔል ታልበት መጡ። ራሴን ዳብሰው የአዝሙድ ከረሜላ ሰጡኝና ከመደርደሪያው ኋላ ከአባቴ ጋር ተቀመጡ። ከረሜላውን እየመጠጥኩ ሰማኋቸው። ምድጃ አይናገርም አሉ። ሹመትህ በጥር ይታደሳል፣ እኔ ራሴ እጽፋለሁ አሉ። እኔ ስለ ምድጃችን የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲቀጣጠል በጣም ይጮኻል፤ ላርማቸው ፈለግሁ።

«ኮሎኔል፣ እርስዎ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም» አለ አባቴ።

«እኔ የትም አልነበርኩም፣ ኢኖስ» አሉ ኮሎኔሉ እየተነሡ። «ሁልጊዜ የማሸንፈውም ለዚህ ነው።»

ከአባቴ ጋር ሳይጨባበጡ ወጡ። በነጋታው እናቴ የአሳማ ስብ እያቀለጠች ሳለ ከአባቴ ጋር ተጣሉ። የተጣሉት በሹክሹክታ ነው፤ በእኛ ቤት የከበደ ነገር በሹክሹክታ ነበር የሚወራው። እኔ ከደረጃው ሥር ሆኜ የሰማሁት ግማሹን ነው። እናቴ ሮስኮን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ትላለች፤ እናታችን ስትሞት ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር ትላለች።

«ብትናገር እኮ እስር ቤት ነው የሚገባው» አለች።

«አልናገርም፣ ዴሊያ።»

«ማልልኝ።»

«አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።»

አጎቴ ለምን እንደሚታሰር ሊገባኝ አልቻለም፤ ጣቱ ድኖለታል። መዶሻ የመታውን ሰው የሚያስር ሸሪፍ ከሆነ የመረጥነው፣ ባናሸንፍ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ።

የወረዳው አጣሪዎች ውጤቱን አጽንተው የንስሮቹ ሰው ሸሪፍ ነው ባሉ ማግሥት ኮንራድ ፎስ ደብዳቤውን ሊወስድ መጣ። እንደ ወትሮው አልተሳደበም። ባርኔጣውን አውልቆ ከመደርደሪያው ፊት ቆመ።

«ቅዳሜ ጋሪው ዝግጁ ነው» አለ። «ሰዎቹ ግን አትግፋ ይሉኛል። ተሰርቀናል ይላሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ወረቀቶቹን አንተ ቆጥረሃቸዋል?»

አባቴ ደብዳቤውን አቀበለው። «ቆጥሬአቸዋለሁ።»

«አንተ ከቆጠርካቸው በቃኝ። እገፋለሁ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

አባቴ በሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ኮንራድ ሰድቦት፣ ሌባ ብሎት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር እላለሁ አሁን። አምኖት መሄዱ ነው አባቴን መግቢያ ያሳጣው።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠቁሮ መንገዱ ጭቃ ነበር። ቀይ ኮፍያዬን አድርጌ፣ ጫማዬን በስብ አሽቼ ከአባቴ ጋር ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረድኩ። እናቴ ራሴን ያመኛል ብላ ቀረች። ግቢው ሰው አይበቃውም። ፀጉር አስተካካዩ ጭድ የተሞላ ንስር ከእንጨት ጫፍ ላይ ሰቅሎ ይዟል፤ የከተማው የሙዚቃ ባንድ ጡሩምባውን ያሟሙቃል፤ ሮስኮ አንገቱ ላይ ከበሮ አንጠልጥሎ ከባንዱ መካከል ቆሟል። አየኝና ዓይኑን ጠቀሰኝ። ኮንራድ ጎማውን ቀብቶ፣ አባቴ እንዳይቆረቁረው ንጹሕ የዱቄት ከረጢት አጥፎ ጋሪው ላይ አንጥፎ ነበር።

አባቴ ኮቱን አወለቀና ሰጠኝ። ቀለል ብሎት ሊቀመጥ ነው አልኩ። በጋሪው ዞሮ መያዣዎቹን ጨበጠ።

«ኮንራድ፣ ግባ» አለ።

ሰው ሳቀ። ኮንራድም ሳቀ። «ተሳሳትክ እኮ ኢኖስ፤ ገፊው እኔ ነኝ።»

«አልተሳሳትኩም። ግባ።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየቀነሰ ወደ ኋላ ሄደ፤ ኋላ ያሉት ምን ሆነ ምን ሆነ ሲሉ ይሰማል። ኮንራድ አባቴን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ያ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ የቆጠረው ሰው መያዣውን ከጨበጠ፣ ማን እንዳሸነፈ ለከተማው በሙሉ መንገሩ ነበር። አንድ ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። እኔ ይህ ሁሉ አልገባኝም፤ የገባኝ ቦታዬ እንደተወሰደ ነው።

«አባዬ፣ ያሸነፍነው እኮ እኛ ነን!» ብዬ እጅጌውን ጎተትኩ።

«ኮቴን ያዢልኝ፣ ኦርፋ» አለኝ።

ገፋ። አባቴ ቀጭን ነበር፤ ኮንራድ ደግሞ እንደ ሙሉ ጆንያ ይከብዳል። ጎማው ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፤ አባቴ ጉልበቱን አጥፎ ያወጣዋል። ባንዱ መንፋት ይሁን መተው ጠፍቶት ዝም አለ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ካንድ በረንዳ የበሰበሰ ፖም ተወርውሮ የአባቴን አንገት መታው፤ አልዞረም። ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሲሆን ኮንራድ ይብቃህ፣ ልውረድ ብሎ ለመነው።

«ከወረድክ ዋጋ የለውም» አለ አባቴ።

ወደ ባንዱ ስዞር ከበሮው መሬት ተቀምጧል፤ ሮስኮ የለም። ኮሎኔል ታልበት ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ንግግር ይዘው ቆመው ነበር። ጋሪው ዳገቱን ጨርሶ ብቅ ሲል ማን እንደተቀመጠ አዩና ዞረው ገቡ። አባቴ መያዣዎቹን አኖረና እታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አንዳንዱ ባርኔጣውን አነሣለት፤ አንዳንዱ ተፋ። እኔ አፈርኩበት። አባቴ መቁጠር የማይችል፣ ማሸነፉን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ኮቱን አንጠልጥዬ ከኋላው በሩቁ እየተከተልኩ ቤት ገባን።

በሩ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«አንድ ቃል አይወጣኝም ብለህ ምለህ» አለችው፣ «ከተማውን በሙሉ አሰማኸው።»

አውራ ዶሮዎቹ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። አባቴ ተጠርቶ ቆመና የማውቀውን ቅዳሜ ዕለት አሳይቻለሁ ብቻ አለ። ዳኛው ራሱ ንስር ነበርና ጋሪ ምስክር አይሆንም ብሎ ዘጋው። የንስሮቹ ሸሪፍ የሸሪፍነት ኮከቡን ደረቱ ላይ ሰካ። በጥር የአባቴ ሹመት ሳይታደስ ቀረ፤ የነሐስ ሣጥኖቹን ከግድግዳችን ነቅለው ሹመቱን ወደ ወሰደው ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲያሻግሩ በርጩማዬ ላይ ቆሜ አየሁ። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ሃስኬት መቁጠር አይችልም» እያሉ ይዘፍኑብኝ ነበር፤ እኔም አምኛቸው ነበር። አባቴ በኮንራድ ወፍጮ ቤት ሥራ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ዱቄት ሳይለብስ ያየሁት እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ሮስኮ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣ። እናቴ ስሙን አንሥታ አታውቅም፤ የጋሪውንም ነገር አላነሣችም። ከአባቴ ጋር ስለ እንጨት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ጣራው ያወራሉ። ሌላው ሁሉ ተዳፍኖ ዓመታት አለፉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ እስኪጠራ አሥር ዓመት ፈጀ፤ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡበት ዓመት ነው። እኔ ዕድሜዬ ገና ስላልደረሰ እናቴን ሸኘኋት። ምርጫው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። እናቴ ጓንትዋን አድርጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፍታ ገባች፤ ሰማያዊዋን እርሳስ ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ቆየች፤ ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። ሣጥኑ ጋ የተቀመጠው ጎረምሳ እጁን ዘረጋላት። እናቴ ግን አልሰጠችውም።

«እጅህን አዙረህ አሳየኝ» አለችው።

ልጁ ግራ ተጋብቶ ሳቀ። ከኋላ የቆሙት ሴቶችም ሳቁ፤ ሰኞ ሰኞ ጥፍር የምታይ መምህር መሰለቻቸው። እናቴ አልሳቀችም። ልጁ እጁን አዞረ፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ወረቀቷን ሰጠችው። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ ነገር፣ ቁርሱ፣ ኮምጣጤው፣ የተቃጠለው ጨርቅ፣ አንድ ላይ ዓይኔ ላይ የመጣው። መንገድ ላይ ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሮስኮን ለማዳን ብላ ጨርቁን እንዳቃጠለች፣ አባቴ ወንድሟንም ሳያሳስር ኮንራድንም ሳይዋሽ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ እንዳልነበረው፣ ይህንንም የዚያኑ ዕለት አውቃ አሥር ዓመት ሙሉ አላወቅሁም ስትል እንደኖረች ነገረችኝ።

ወደ ቤት የምንታጠፍበትን አልፋ ቁልቁል ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደች። አባቴ ግቢው ውስጥ ከረጢት ይደረድራል፤ ፀጉሩ በዱቄት ይሁን በዕድሜ ነጭ ነው። ጋሪው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። እናቴ ጓንትዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች፤ ጋሪውን አዙራ አመጣችና መያዣዎቹን ጨበጠች።

«ኢኖስ፣ ግባ» አለችው።

አባቴ እሷን አየ፤ እኔን አየ። ኮንራድ ከበሩ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዴሊያ፣ ሰው ያያል እኮ» አለ አባቴ።

«ይይ» አለች እናቴ።

አባቴ ኮቱን ከምስማሩ አውርዶ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። ተቀበልኩትና ተቀመጠ። እናቴ ጉልበቷን አጥፋ ገፋች። እኔም ኮቱን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ዳገቱን እስከ ላይ፣ ከጎማው ጎን ከጎን ሄድኩ።